የፀሐይ ገጽ 5,772 ኬልቪን ብቻ ከሆነ እንዴት ፕላዝማ ይባላል?

ዳሞት_መምህር | ፍኖተ ሰላም | ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2:15

ጤና ይስጥልኝ ጎበዝ። ፊዚክስ የምታስተምሩም፣ ቤተ ሙከራ የምትሠሩም ካላችሁ አንድ ነገር አግዙኝ።

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቻቸው የተገነጠሉበት ጋዝ ነው። የሃይድሮጂን አቶም ኤሌክትሮኑን የሚለቀው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ሲያገኝ ነው። 1 ኤሌክትሮን ቮልት ወደ ሙቀት ሲመነዘር 11,605 ኬልቪን ይሆናል። የፀሐይ ገጽ 5,772 ኬልቪን ነው፣ ማለትም ግማሽ ኤሌክትሮን ቮልት። 13.6 የሚጠይቀውን አቶም በ0.5 ምን ይገነጥለዋል? እምብርቷ ላይ ጥያቄ የለኝም፤ 15 ሚሊዮን ኬልቪን ገደማ ሲሆን ወደ 1,300 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚጠጋ እዚያ የሚተርፍ የሃይድሮጂን አቶም የለም። የሚያስቸግረው ዓይን የሚያየው ገጽ ነው። ነቃ ያለ ተማሪ ይህን ሒሳብ ከሠራ «ፕላዝማ ናት ተብሏል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ክፍል በእጅ ተሠርቶ የሚታይ ነገር ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ማርቆስ_ላብ | ደብረ ማርቆስ | ከምሽቱ 2:52

መምህር፣ ሒሳቡ በሳይንሳዊ ካልኩሌተር ሰሌዳ ላይ ያልቃል። ምን ያህሉ አቶም እንደተገነጠለ የሚያሰላውን ቀመር ያወጣው ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ ነው፣ በ1920። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ 13.6ን በ11,605 አባዝቶ ለ5,772 ማካፈል። 27.34 ይመጣል። ይህን ቁጥር ኔጌቲቭ አድርጎ የኤክስፖነንሻል ቁልፉን ሲጫኑ 1.3 × 10⁻¹² ገደማ ይወጣል። ተማሪው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከትሪሊዮን አንድ እንደማለት ስለሆነ «በቃ፣ ምንም አልተገነጠለም» ይላል። ግን ሥራው አላለቀም። የተለቀቀ ኤሌክትሮን የሚይዛቸው ክፍት ቦታዎች ከአቶሙ ጋር ታስሮ ከሚይዛቸው እጅግ ይበዛሉ። የእነሱ ቁጥር በኪዩቢክ ሜትር 2.41 × 10²¹ ሲባዛ በሙቀቱ 1.5ኛ ርቢ ነው፤ በ5,772 ኬልቪን 1.06 × 10²⁷ ይሆናል። ሁለቱን ብናባዛ 1.4 × 10¹⁵።

አሁን ገጹ ላይ በኪዩቢክ ሜትር 1.2 × 10²³ ያህል የሃይድሮጂን አቶም አለ። 1.4 × 10¹⁵ን ለዚህ አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፤ 1.1 × 10⁻⁴ ነው። ከ10,000 አቶም አንዱ ተገንጥሏል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስኩዌር ሩቱን ሲዘል ነው። ኤሌክትሮኑም ፕሮቶኑም በእኩል ቁጥር ስለሚወጡ በቀመሩ ግራ በኩል ያለው የሁለቱ ብዜት ነው፤ ሩቱ ካልተወሰደ መልሱ በ10,000 እጥፍ ያንሳል። ሌላው ስህተት ሴልሺየስ ማስገባት ነው። ሙቀቱ ኤክስፖነንሻል ውስጥ ስላለ የ273 ልዩነት መልሱን በሚታይ መጠን ያዛባል።

አባይ_ማዶ | ባሕር ዳር | ከምሽቱ 3:10

እሽ፣ ከ10,000 አንድ። እንግዲያውስ 9,999ኙ ተራ ጋዝ ነው። ገጿ ጋዝ ነው በሉና እንገላገል፤ ለምን በግድ ፕላዝማ ይባላል?

ማርቆስ_ላብ | ደብረ ማርቆስ | ከምሽቱ 3:38

ፕላዝማ ለመባል ሁሉም አቶም መገንጠል የለበትም። የሚጠየቀው ነፃ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ማኅበር መንቀሳቀስ ይችላሉ ወይ ነው። አንድ ተጨማሪ ቻርጅ መሐላቸው ቢገባ ዙሪያውን ከበው በምን ያህል ርቀት ይሸፍኑታል? ርቀቱን በሜትር ለማግኘት 69ን በሙቀት ሲካፈል ለኤሌክትሮን ብዛት ስኩዌር ሩት ማባዛት ነው። ገጹ ላይ በኪዩቢክ ሜትር 1.3 × 10¹⁹ ኤሌክትሮን ስላለ ርቀቱ 1.5 ማይክሮሜትር ገደማ ይመጣል። ይህን ርቀት ራዲየሱ ያደረገ ሉል ውስጥ ደግሞ 160 ያህል ኤሌክትሮን አለ። መስፈርቶቹ የሸፈናው ርቀት ከአካሉ ስፋት እጅግ ማነሱና በሉሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከ1 በደንብ መብለጡ ናቸው። የፀሐይ ገጽ ውፍረቱ በመቶ ኪሎሜትሮች የሚለካ ነው። ሁለቱንም በሰፊው አልፏል።

ቤት ውስጥ ያለው የፍሎረሰንት ቱቦም ከ1 በመቶ በታች ነው የተገነጠለው፤ ፕላዝማ አይደለም የሚል ግን የለም። እንዲያውም እዚያ ኤሌክትሮኖቹ 11,000 ኬልቪን አካባቢ ሆነው ቱቦው በእጅ ይያዛል፤ ከከባዶቹ አቶሞች ጋር ሙቀት ለመጋራት ግጭቱ አይበቃቸውም። ፀሐይ ላይ ግን ግጭቱ ብዙ ስለሆነ ሁሉም አንድ ሙቀት ላይ ነው።

ደግሞ በጋዝና በፕላዝማ መካከል ውኃ በሚፈላበት ዓይነት የተቆረጠ ነጥብ የለም። ሙቀቱ ሲጨምር የተገነጠለው ድርሻ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ «ከዚህ በኋላ» የሚባል መስመር አይሰመርም። አባይ ማዶ የልቡ ካልደረሰ የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች ይመልከት። ከ3,500 እስከ 4,500 ኬልቪን ናቸው፣ ከገጹ ሁሉ ቀዝቃዛ። የሚቀዘቅዙት እስከ 0.3 ቴስላና ከዚያም በላይ የሚደርስ መግነጢሳዊ መስክ ከሥር የሚመጣውን የፍል ዝውውር ስለሚያፍነው ነው። ተራ ጋዝ ቢሆን መግነጢሱ አልፎት ይሄድ ነበር እንጂ አይዘውም።

ብየዳ_ቡሬ | ቡሬ | ከምሽቱ 4:05

የመምህራኑን ወግ ላቋርጥና ከሥራ ቤት ልጨምር። ኤሌክትሮድ ስንጭር የሚበራው አርክ ፕላዝማ ነው፤ ከ6,000 ዲግሪ ከፍ ይላል፣ ማለትም ከፀሐይ ገጽ የማያንስ። አየር ብቻውን ግን በዚያ ሙቀት መልካም አስተላላፊ አይደለም። የናይትሮጂን አቶም 14.5 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል፣ ከሃይድሮጂን ይብሳል። አርኩን የሚያቆመው ኤሌክትሮዱ ላይ ያለው ልባስ ነው። ፖታሲየም 4.34 ብቻ፣ ሶዲየም 5.14፣ ብረቱ ራሱ 7.9። ጥቂት ፖታሲየም ገብታ አብዛኛውን ኤሌክትሮን ታዋጣለች።

ይህ በገበያ ላይ ባሉት የኤሌክትሮድ ዓይነት ቁጥሮች ይታያል። 6010 ልባሱ ሶዲየም ነው፣ ዲሲ ማሽን ይፈልጋል። 6011 ያው ሴሉሎስ ሆኖ ፖታሲየም ታክሎበታል፣ በኤሲም ይሠራል። የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚመላለስ ጅረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ በእያንዳንዷ ዜሮ አርኩ ሊሞት ይችላል። ቶሎ የሚገነጠል ነገር ካለ እንደገና ይያዛል። 6013 በትራንስፎርመር ማሽን ላይ ለጀማሪ የሚስማማውም ለዚህ ነው። ለ2.5 ሚሊሜትር ከ60 እስከ 100 አምፔር፣ ለ3.2 ከ90 እስከ 130 ይበቃዋል።

አርኩ እየተቆረጠ የሚያስቸግራችሁ አምፔር ከመጨመራችሁ በፊት የመስመሩን ቮልቴጅ ለኩ። በ220 ላይ 60 ቮልት ባዶ ቮልቴጅ (አርኩ ሳይነሳ የሚለካው) የሚሰጥ ማሽን መስመሩ ወደ 180 ሲወርድ 49 ነው የሚሰጠው። 6013 ሊታገስ ይችላል፣ 7018 ግን በኤሲ 65 እና 70 ስለሚፈልግ አይነሳም። ምሽት ላይ መንደሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የሚሆነው ይኸው ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበት የያዘ 7018 ሳይደርቅ አይነካም፤ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለአንድ እስከ ሁለት ሰዓት። ውኃው አርኩ ውስጥ ሃይድሮጂን ይሆንና ብረቱ ውስጥ ገብቶ በማግስቱ ይሰነጥቀዋል። 6013ን በዚያ እሳት አታድርቁት፣ ልባሱ ይበላሻል፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል።

ማርቆስ_ላብ | ደብረ ማርቆስ | ከምሽቱ 4:31

አያ፣ እግዜር ይስጥልን። የጎደለው ይህ ነበር። ፀሐይ ላይም ነገሩ ያው ነው። እኔ ያሰላሁት ለ5,772 ነው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ገጹ ወደ 4,500 ይቀዘቅዛል። እዚያ ሃይድሮጂን ማዋጣት ያቆማል። በአንፃሩ ማግኒዚየም 7.65፣ ብረት 7.9፣ ሲሊከን 8.15 ስለሆኑ ከሞላ ጎደል ተገንጥለዋል። ሁሉም ተደምረው ከ10,000 የሃይድሮጂን አቶም አንድ ያህል ናቸው፤ ግን በዚያ ንብርብር ያለው ኤሌክትሮን በአብዛኛው የእነሱ ነው።

እነዚያ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ሌላ ትልቅ ሥራ አላቸው። ገለልተኛ የሃይድሮጂን አቶም አንድ ተጨማሪ ኤሌክትሮን በ0.75 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ አንጠልጥሎ መያዝ ይችላል። ይህ ልል አዮን የሚታየውን ብርሃን ይውጣል፣ መልሶም ያወጣል። የገጹ እፍጋት በኪዩቢክ ሜትር 0.2 ግራም ገደማ ነው፤ የባሕር ወለል አየር 1,200 ግራም ነው። ያን ያህል የሳሳ ነገር ሆኖ ሳለ ፀሐይ ጠርዟ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው በዚህ አዮን ምክንያት ነው።

ዳሞት_መምህር | ፍኖተ ሰላም | ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 1:20

ይህ ለክፍል የሚሆን ነው። ከሳሃ ቀመር አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የከዋክብት ተመራማሪዋ ሲሲሊያ ፔይን በዚሁ ሒሳብ የፀሐይን ብርሃን መስመሮች (ብርሃኗ ወደ ቀለማቱ ሲበተን የሚታዩትን ጨለማ መስመሮች) ስታነብ ፀሐይ በዋናነት ሃይድሮጂን መሆኗን አገኘች። እስከዚያ የብረት መስመሮች ስለበዙ ለሊቃውንቱ ፀሐይ እንደ ምድር ብረትና ድንጋይ የበዛባት ትመስላቸው ነበር። መስመሩ የሚደምቀው አቶሙ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ስለተስማማውም ነው።

አንድ የተማሪ ጥያቄ ልጨምር፤ «ታዲያ እየነደደች አይደለም?»

ጮቄ_ሰማይ | ደጀን | ከጠዋቱ 2:02

አይደለችም። የፀሐይ ክብደት ሁሉ ድንጋይ ከሰል ቢሆን፣ ኦክስጅንም በነፃ ቢቀርብለት፣ አሁን በምታወጣው ኃይል 5,000 ዓመት ገደማ ብቻ ይበቃት ነበር። ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው።

የሚሠራው የእምብርቱ የኒውክሊየስ ውህደት ነው፤ በሰከንድ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ይለወጣል፣ ከክብደቱ 0.7 በመቶ ወደ ኃይል ይሄዳል። ብዙ ይመስላል እንጂ እዚያ አንድ ኪዩቢክ ሜትር 280 ዋት እንኳ አይሞላም፤ በይዘት ካካፈልነው ቁጭ ያለ ሰው ገላ የበለጠ ያመነጫል። ፀሐይ የምታስፈራው በግዝፈቷ ነው። እፍጋቱ ደግሞ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 150 ግራም፣ የእርሳስ 13 እጥፍ። ያም ሆኖ ጠጣር አይደለም፤ ኒውክሊየሶቹ የሚይዛቸው የለም፣ ሙቀቱ ማንኛውንም ቅርፅ ያፈርሰዋል።

የእሳት ነበልባልን በተመለከተ፣ ትንሽ አዮን አለበት፣ ግን የሻማ ነበልባልን ፕላዝማ ማለት ነገሩን መለጠጥ ነው። መብረቅ ግን ያለ ክርክር ፕላዝማ ነው፤ መስመሩ 30,000 ኬልቪን ገደማ ይደርሳል፣ የፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ።

ቀያሽ_ዳንግላ | ዳንግላ | ከጠዋቱ 3:44

ስለ ፀሐይ ፕላዝማ ብቻ አወራችሁ፤ በራሳችን ላይ ያለውን ረሳችሁት። ከ80 እስከ ብዙ መቶ ኪሎሜትር ያለው አየር በፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስሬይ እየተገነጠለ ፕላዝማ ይሆናል። መግነጢሳዊው ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ጎጃም የዚህ ፕላዝማ ረብሻ ከሚብስባቸው ቦታዎች ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጂፒኤስ ለምትይዙ ቁጥሩ ይኸው። በሳተላይቱና በመሣሪያው መካከል ባለ የአንድ ካሬ ሜትር ምሰሶ ውስጥ 10¹⁶ ኤሌክትሮን ሲኖር የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ 16 ሴንቲሜትር ይዘገያል። ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ፣ ይህ 80 እና 100 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ ላይ ከ13 እስከ 16 ሜትር መዘግየት ነው። ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሁለቱን አነፃፅሮ ያጠፋዋል።

የማይጠፋው የምሽቱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ታችኛው ንብርብር ቶሎ ይከስማል፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከባዱ ፕላዝማ ከቀለለው በላይ ስለሚቀመጥ ከሥር የሳሳ ጉድጓድ እየተነሳ ይወጣል። ከምሽቱ 1 እስከ 6 ሰዓት፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ግድም፣ ምልክቱ ይንቀጠቀጣል። ቤዝ (የቆመ መሣሪያ) እና ሮቨር (የሚዘዋወር) ይዛችሁ «ፊክስ» (የጠራ ልኬት) የነበረው ወደ «ፍሎት» (ያልጠራ) ሲመለስ አንቴና አትፈትሹ፣ ኬብል አትቀይሩ። የቤዙን ርቀት ከ10 ኪሎሜትር በታች አድርጉ፣ ሳተላይቶች ከአድማስ በላይ የሚወሰዱበትን የከፍታ ገደብ 15 ዲግሪ ላይ አቁሙ፣ ስታቲክ ልኬት (አንድ ቦታ ቆሞ የሚለካ) ከሆነ ደግሞ ጠዋት ላይ አስቀምጡት። የምሽቱን መረጃ በሶፍትዌር አድናለሁ ማለት ብዙ ጊዜ ድካም ነው፤ የተቆረጠ ምልክት የሚቀጠልበት ነገር የለውም።

አባይ_ማዶ | ባሕር ዳር | ከጠዋቱ 4:10

አጭር ሞገድ ሬዲዮ ማታ የሚጠራውም በዚህ ነው?

ቀያሽ_ዳንግላ | ዳንግላ | ከጠዋቱ 4:26

አዎ። ቀን ቀን ሞገዱን የሚበላው የታችኛው ንብርብር ነው፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ብዙ አይቆይም። ላይኛው ስለሚቀር ሞገዱ እየተንጸባረቀ ከሩቅ ይመጣል። የሚያንጸባርቀውን የላይኛ ፍሪኩዌንሲ ለማወቅ በኪዩቢክ ሜትር ያለውን ኤሌክትሮን ስኩዌር ሩት በ9 ማባዛት ነው፤ 10¹² ከሆነ 9 ሜጋኸርዝ። ይህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለወጣ ሞገድ ነው፣ አጋድሎ የሚሄደው ከዚያ በላይም ይመለሳል።

ጣና_መስመር | ባሕር ዳር | ከቀኑ 6:30

መምህር ለጠየቁት ማሳያ፣ በሲዲ የሚሠራ ስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚበትን መሣሪያ) ይበልጣል። የጨለማ መስመሮቹን ተማሪው በገዛ ዓይኑ ያያል።

የሚያስፈልገው አሮጌ ሲዲ፣ 25 ሴንቲሜትር የካርቶን ቱቦ፣ ሁለት ምላጭና ጥቁር ወረቀት ነው። የሲዲውን የጽሑፍ ገጽ በምላጭ ጫሩት፣ በደንብ የሚይዝ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ሳቡት፤ አንጸባራቂው ልባስ ተነሥቶ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀራል። ከዳር በኩል 2 በ2 ሴንቲሜትር ቁረጡ፤ ዳር ላይ ያሉት መስመሮች ቀጥ ያሉ ስለሚመስሉ ከመሐሉ ይሻላሉ። በቱቦው አንድ ጫፍ ለጥፉት። በሌላው ጫፍ ሁለቱን ምላጮች ስለታቸውን አፋጥጣችሁ ክፍተቱን 0.2 ሚሊሜትር አድርጉ፤ ሁለት ወረቀት ደርባችሁ በመሐል አስገብታችሁ ለጥፉና ወረቀቱን አውጡ። ክፍተቱ ከሲዲው መስመሮች ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቀለሙ ይደባለቃል። የቱቦው ውስጥ በጥቁር ወረቀት ይሸፈን።

ወደ ፀሐይ በቀጥታ አታነጣጥሩ፤ ቱቦው ዓይን አያድንም። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ወረቀት ወይም ደማቅ ነጭ ደመና ይበቃል። የሲዲው መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር የተራራቁ ስለሆኑ ብጫው በ22 ዲግሪ ገደማ ጎን ይታያል፣ ስለዚህ አሻግራችሁ ሳይሆን ወደ ጎን ተመልከቱ። ብጫው ላይ 589 ናኖሜትር የሶዲየም፣ አረንጓዴው ላይ 517 አካባቢ የማግኒዚየም፣ 486 ላይ ራሱ የሃይድሮጂን ጨለማ መስመር ይወጣል። ከላይ አያ ብየዳ ቡሬ የጠቀሱት ሶዲየም ያ ነው።

መስመር ካልታየ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋቱ የክፍተቱ ነው። 0.2 ሚሊሜትር ሲሆን 1.2 ናኖሜትር ያህል ይለያል፤ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 6 ናኖሜትር ይሰፋና መስመሮቹ በቀስተ ደመናው ይዋጣሉ። ክፍተቱን ስታጠቡ ብርሃኑ ስለሚደክም ራስን በነጠላ መሸፈን ይረዳል። የሶዲየሙ መስመር በእውነቱ ሁለት ነው፣ 589.0 እና 589.6፤ በሲዲ ለመለየት አትድከሙ።

ለማነፃፀሪያ የፍሎረሰንት መብራት ተመልከቱ፤ የሜርኩሪ ብሩህ መስመሮች 546 እና 436 ላይ ይቆማሉ። ኤልኢዲ አምፖል መስመር አይሰጥም። የተሰበረ ፍሎረሰንት ግን ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ሜርኩሪ አለበት።

ብየዳ_ቡሬ | ቡሬ | ከቀኑ 7:05

ልጆቹ በዚያ ቱቦ ወደ ብየዳ አርክ እንዳይመለከቱ ይነገራቸው። ለአርክ ከ10 እስከ 12 ቁጥር መስታወት ነው የሚደረገው። ለፀሐይ ደግሞ 14 ቁጥር ያስፈልጋል፤ የብየዳ ቤት ተራ መስታወት ለፀሐይ አይሆንም።

ዳሞት_መምህር | ፍኖተ ሰላም | ከምሽቱ 1:40

ተባረኩ። ሲዲ እየጠፋ ነው፣ ዲቪዲ ግን በየቤቱ አለ። ይሆናል?

ጣና_መስመር | ባሕር ዳር | ከምሽቱ 2:18

ይሆናል፣ ግን ይለያል። ዲቪዲ ሁለት ፕላስቲክ የተጣበቀ ነው፤ በምላጭ ጠርዙን ከፍታችሁ ለሁለት ክፈሉትና ልባስ የሌለበትን ወገን ውሰዱ። ሐምራዊ ቀለም ከያዘ በአልኮል ጠርጉት። መስመሮቹ በ0.74 ማይክሮሜትር ስለሚራራቁ ብጫው ወደ 53 ዲግሪ ይሄዳል፤ የዓይን ቀዳዳውን ከቱቦው ጎን መብሳት ግድ ነው። ቀዩ የሃይድሮጂን መስመር፣ 656፣ 62 ዲግሪ ላይ ስለሚደርስ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ አይገባም፤ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ስጡት።

ልዩነቱን ግን የተሻለ ያወጣል፤ በዚያው ክፍተት 0.5 ናኖሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱን የሶዲየም መስመሮች የሚያሳይ እጅ ካለ በዲቪዲ ነው።